«ኮሃቢት» ቤት መጋራት ነው ወይስ ኑሮ መጋራት?

የተላከው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እንግሊዝ አገር ከአክስቴ ልጅ ጋር ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሰሞኑን የደረሰኝ ቅጽ ‹ኮሃቢት› እያደረግሁ እንደሆነ ይጠይቀኛል። መዝገበ ቃላት ሳይ ‹አብሮ መኖር› ይላል። በዚህ መሠረት ‹አዎ› ልል ስል አንድ ወዳጄ ‹ይህማ ሳይጋቡ ለሚኖሩ ነው› ብሎ አስቆመኝ። የቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ምንድን ነው? ሕዝቦች በሰላም አብረው ይኖራሉ ለማለትስ ያገለግላል? ወደ አማርኛ ስመልሰውስ ምን ልበለው?»

ወዳጅዎ በጊዜ ደርሶልዎታል። በዚያ ቅጽ ላይ «አዎ» ብለው ቢፈርሙ ኖሮ የአክስትዎ ልጅ የትዳር ያህል የተጣመረዎት ሰው መሆኑን በራስዎ እጅ ማረጋገጥዎ ነበር። መዝገበ ቃላቱም አልዋሸም፤ ቃሉ በቁሙ ሲፈታ «አብሮ መኖር» ነው። ነገር ግን የእኛው «አብሮ መኖር» እንደ ዋርካ ጥላ ሰፊ ስለሆነ ከሥሩ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት፣ ደባልና ባለቤት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ጎረቤትና ጎረቤት ሁሉ ይጠለላሉ። እንግሊዝኛው እነዚህን በተለያዩ ቃላት ከፋፍሎ ይጠራቸዋል፤ «ኮሃቢት» የሚለውንም በዛሬው አነጋገር ከሞላ ጎደል ለአንድ ዓይነት ኑሮ ብቻ ለይቶ አስቀምጦታል፤ ይኸውም ጋብቻ ያልፈጸሙ ሁለት ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሆነው በአንድ ቤት የሚኖሩት ኑሮ ነው።

ቃሉ ወደዚህ ጠባብ ፍቺ እንዴት እንደደረሰ ማየቱ ይጠቅማል። ምንጩ «ኮሃቢታሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ «ኮ» አብሮነትን፣ «ሃቢታሬ» ደግሞ በአንድ ቦታ መኖርን ያመለክታል። «ሃቢታሬ» ራሱ «መያዝ» የሚል ፍቺ ካለው «ሃቤሬ» ከተባለ ግሥ የተወለደ ነው። ከዚሁ ሥር እንግሊዝኛው ልማድ የሚባለውን «ሃቢት»፣ የእንስሳትና የዕፅዋት መኖሪያ የሚባለውን «ሃቢታት» ወርሷል። «ኮሃቢት» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መታየት የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም፤ የእኛም «ትዳር» ከ«አደረ» የወጣ ነው፣ «አደረ» ደግሞ መኖር፣ ማደር ማለት ከሆነው ከግእዙ «ኀደረ» የመጣ፣ «ማኅደር» ለሚለው ቃልም ወንድም ነው። በሥራቸው ብቻ ቢመዘኑ ሁለቱም ቃላት የሚናገሩት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደርን ነው። ሆኖም የእኛው ወደ ሠርጉ ቤት ሲያመራ የእነርሱ ሠርግ ወዳልተደገሰበት ቤት አመራ።

ይህም ቢሆን የተፈጸመው ቀስ በቀስ ነው። በቀድሞው የሕግ እንግሊዝኛ «ኮሃቢቴሽን»፣ ማለትም የ«ኮሃቢት» ስማዊ መልክ፣ ከሁሉ በፊት የተጋቡ ሰዎች ግዴታ ነበር፤ ባል ሚስቱን ጥሎ ቢሄድ ወይም ሚስት ከባሏ ቤት ብትወጣ «ኮሃቢቴሽን ተቋረጠ» ይባል ነበር። ዛሬም ቢሆን የፍቺ ጉዳይ በሚታይበት ችሎት ተጋቢዎች በአንድ ቤት መኖር ያቆሙበትን ቀን ለማመልከት በዚሁ የቀድሞ ትርጉሙ ሲሠራበት ይገኛል። የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት አብረው የመኖር ግዴታ እንዳለባቸው የሚናገረው አንቀጽ በእንግሊዝኛው ቅጂ የተሰጠው ርዕስ «ኮሃቢቴሽን» ነው። ሳይጋቡ አብረው ስለሚኖሩት ሰዎች የሚናገረውን ክፍል ግን የእንግሊዝኛው ቅጂ በሌላ ስም «ኢሬጉላር ዩኒየን»፣ ማለትም መደበኛ ያልሆነ ጥምረት፣ ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ አንድ የለንደን ጠበቃ ሁለቱን ርዕሶች አይቶ የመጀመሪያው ስላልተጋቡት ሰዎች የሚናገር ቢመስለው፣ በሁለተኛውም ቢደናገር አይፈረድበትም።

የአማርኛው ቅጂ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይላል። ረዥም ነው፣ ነገር ግን የሚያሻማ ነገር የለውም። ከአንቀጽ 98 ጀምሮ ያለውን ክፍል ላነበበ ሰው «ኮሃቢት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በውስጡ ምን እንደያዘ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ሕጉ ግንኙነቱ ተፈጠረ ለማለት ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚያሳዩት ጠባይ ያለማቋረጥ የተጋቡ ሰዎችን ጠባይ የሚመስል መሆን አለበት ይላል፤ ለሌላ ሰው «ተጋብተናል» ብለው መናገራቸውን ግን አይጠይቅም። ይልቁንም ትኩረት የሚገባው የሚቀጥለው ነው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የሩካቤ ግንኙነት ማድረጋቸው ብቻ፣ ምንም ያህል ቢደጋገምና አገር ቢያውቀው፣ ይህን ኑሮ አይፈጥርም። ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከቆየ ደግሞ በዚያ ውስጥ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል። በሌላ አነጋገር አልጋ መጋራት አይበቃም፣ ጣሪያ መጋራትም አይበቃም፤ ኑሮው ራሱ የጋራ መሆን አለበት። ይህ ሕግ በፌዴራል ደረጃ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበት ሲሆን ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የሁለቱ ቋንቋዎች ፍሬ ነገር ግን እዚህ ላይ ይገናኛል።

አሁን ወደ እርስዎ አገር፣ ወደ እንግሊዝ እንመለስ። በእንግሊዝ የድጎማ አሠራር ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ እንደ ተጋቡ ሰዎች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከኖሩ እንደ ጥንድ ይቆጠራሉ፤ ለምሳሌ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን ድጋፍ በየግላቸው ሳይሆን በጋራ እንዲጠይቁ ይገደዳሉ፣ የአንዱ ገቢም የሌላውን ድጎማ ይነካል። መርማሪዎቹ ይህን ለመለየት የሚያዩአቸው ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ሰዎቹ በእርግጥ አንድ ቤተሰብ ሆነው ይኖራሉ ወይ? ግንኙነታቸው የጸና ነው ወይ? አንዱ ሌላውን በገንዘብ ይደግፋል ወይ? የፍቅር ግንኙነት አላቸው ወይ? ልጅ አላቸው ወይም አብረው ያሳድጋሉ ወይ? ዘመድና ጎረቤትስ እንደ ጥንድ ያያቸዋል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይወስንም፤ ሁሉም በአንድነት ይመዘናሉ። እርስዎና የአክስትዎ ልጅ ኪራይ ለሁለት ትከፍሉ ይሆናል፣ አንዳንዴም ወጥ በአንድ ድስት ትሠሩ ይሆናል፤ ሆኖም በየመኝታ ክፍላችሁ የምትኖሩ፣ ደመወዛችሁም ለየብቻ የሆነ ሁለት ዘመዳሞች ናችሁ። በእንግሊዝኛ «ፍላትሜት» ወይም «ሃውስሜት» ትባላላችሁ እንጂ «ኮሃቢታንት» አትባሉም።

ይሁን እንጂ ጥያቄውን ያቀረበውን ወረቀት በጥንቃቄ ማንበብ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ቅጽ የሚጠይቀው ይህንኑ አይደለም። ካውንስል ታክስ በሚባለው የቤት ግብር ላይ ብቻውን የሚኖር አዋቂ ሰው 25 በመቶ ቅናሽ ያገኛል። ያ ቅጽ ማወቅ የሚፈልገው በቤቱ ውስጥ ሌላ አዋቂ ሰው መኖሩን ነው፤ ያ ሰው ፍቅረኛ ይሁን የአክስት ልጅ ይሁን የማይተዋወቁት ተከራይ ይሁን ለጊዜው ግድ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው «ኮሃቢት እያደረግህ ነው ወይ» ለሚለው «አይደለም» ብሎ፣ «ከአንተ ሌላ አዋቂ ሰው በቤቱ ይኖራል ወይ» ለሚለው ደግሞ «አዎ» ቢል ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው። በአማርኛ ሁለቱንም «አብሮህ የሚኖር ሰው አለ ወይ» ብሎ የሚያስተረጉም ሰው ግን አንዱን መልስ ሐሰት ያደርገዋል። በአስተርጓሚነት ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ይህ ነው፤ የሚፈጽሙትም ቋንቋ የማያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ አማርኛውን ያለ ማብራሪያ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው።

በአሜሪካ ቃሉ የሚያስከትለው ነገር ከዚህም ይከብዳል። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት ከፍቺ በኋላ ቀለብ የሚቀበል ሰው ከሌላ ሰው ጋር ጋብቻን በሚመስል ግንኙነት ለ1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ አዘውትሮ አብሮ መኖሩ በጠንካራ ማስረጃ ከተረጋገጠ ቀለቡ ሊቋረጥ ይችላል፤ ሕጉ የተጠቀመበት ቃልም ይኸው «ኮሃቢት» ነው። እዚያው ቨርጂኒያ ሳይጋቡ በግልጽ አብሮ መኖርን ወንጀል የሚያደርግ በ1877 የወጣ ሕግ እስከ 2013 ድረስ በመዝገብ ላይ ነበር፤ የፍሎሪዳም ተመሳሳይ ሕግ የተሻረው በ2016 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከኢትዮጵያው አዋጅ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕጎቹ ለረዥም ዘመን ብዙም ሳይሠራባቸው የኖሩ ቢሆኑም፣ የቃሉ ጠረን ከእነርሱ ጋር የቀረ ይመስለኛል፤ ዕድሜያቸው የገፋ አሜሪካውያን «ኮሃቢት» ሲሉ ዛሬም የፍርድ ቤት ወረቀት እያነበቡ ይመስላሉ።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤትም በ1970ዎቹ መጨረሻ ለእነዚህ ሰዎች ስም ሲያፈላልግ «ተቃራኒ ፆታ ያላቸውና መኖሪያ የሚጋሩ ሰዎች» የሚል ሐረግ አወጣና የቃላቱን የመጀመሪያ ፊደላት ገጣጥሞ «ፖስልኪው» የተባለ ቃል ፈጠረ። ሕዝቡ ለጥቂት ዓመታት ሳቀበትና ተወው። ስሙ ቢጠፋም ያደረገው ስሕተት ለጥያቄዎ መልስ ይሰጣል፤ ቤት የሚጋራውን ሁሉ ከቆጠርን ወንድ ተማሪና ያከራዩት መበለትም ጥንድ ሊሆኑ ነው። በ1990ው ቆጠራ «ያላገባ አጋር» የሚል የተለየ ምርጫ በቅጹ ላይ የገባው ደባልና የኑሮ አጋር ተለይተው እንዲቆጠሩ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የተስፋፋ የተሳሳተ እምነት አለ፤ «ኮመን ሎው ማሬጅ» የሚባለው። ብዙ ሰው፣ እንግሊዛውያኑም ጭምር፣ ሁለት ሰዎች የተወሰነ ዓመት አብረው ከኖሩ በራሱ ጊዜ እንደተጋቡ ይቆጠራል ብሎ ያምናል፤ «ሰባት ዓመት» ሲባል ያልሰማ የለም። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለ ጋብቻ የለም፤ ኮሃቢታንቶች ሃያ ዓመት ቢኖሩም በመለያየታቸው ምክንያት የተፋቺ መብት አያገኙም። በአሜሪካም እንደ ቴክሳስና ኮሎራዶ ያሉ ጥቂት ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ይህን ጋብቻ ቢቀበሉም የዓመት ብዛት አያጋባም፤ ቴክሳስን ብንወስድ ሰዎቹ ተጋብተናል ብለው መስማማታቸው፣ በግዛቷ ውስጥ እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸውና ለሌሎችም ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ማሳወቃቸው ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ኮሃቢቴሽን ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። ስኮትላንድ በበኩሏ አብሮ በመኖርና ሰው ሁሉ እንደ ተጋቡ በማወቁ የሚጸና ጋብቻ ነበራት፤ በ2006 በወጣው የቤተሰብ ሕጓ ይህን አስቀረችና በምትኩ ለኮሃቢታንቶች ውስን የሆኑ የንብረት መብቶችን ሰጠች። ሕጋችን «የጋብቻ ሁኔታ መኖር» የሚለውን፣ ማለትም ሰዎቹ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውና መታወቃቸው ለጋብቻቸው ማስረጃ የሚሆንበትን መንገድ ለሚያውቁ ሰዎች የስኮትላንዱ አሮጌ ልማድ እንግዳ አይሆንባቸውም።

በሌሎች አገሮች ለምትኖሩ አንባቢዎች ባጭሩ ልጨምር። የካናዳ ኢሚግሬሽን ከ1 ዓመት ላላነሰ ጊዜ በትዳር መሰል ግንኙነት አብረው የኖሩትን ያውቃል። ስዊድን «ሳምቦ» የሚል አጭርና ከነውር የጸዳ ቃል፣ ከ2003 ወዲህም የራሱ ሕግ አለው፤ ይህን ቃል ግን እንግሊዝኛ ስትናገሩ አትዋሱት፣ በእንግሊዝኛ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ነውና። እስራኤል ውስጥ ጋብቻ በሃይማኖት ፍርድ ቤቶች እጅ በመሆኑ በዚያ ማለፍ ያልቻሉ ወይም ያልፈለጉ ጥንዶች በዕብራይስጥ «በሕዝብ ዘንድ የታወቁ» የሚል ስም ይዘው ብዙ መብቶችን ያገኛሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ሳይጋቡ አብሮ መኖርን ከወንጀልነት ያወጣችው በ2020 ነው፤ ይህን ሰምቶ ሌላው የባሕረ ሰላጤ አገር ሁሉ እንዲሁ ነው ብሎ ማሰብ ግን አደገኛ ነው።

የቃሉን ድምፀት በተመለከተ፣ «ኮሃቢት» የቅጽ፣ የችሎትና የጥናት ቃል ነው። አንድ እንግሊዛዊ ወጣት ለእናቱ ሲነግራት «አብረን እየኖርን ነው» ወይም «አብረን ገብተናል» የሚለውን ተራ አነጋገር ይጠቀማል፤ «ኮሃቢት እያደረግን ነው» ቢላት ወይ ይቀልዳል ወይ የሕግ ተማሪ ነው። ቀደም ባለው ዘመን «በኃጢአት መኖር» የሚል አነጋገር ነበር፣ ዛሬ ከቀልድ በቀር ብዙም አይሰማም። አሜሪካውያን «ሻክ አፕ» የሚሉት ደግሞ ከጎጆ ስም የወጣ፣ ንቀት ያለበት አነጋገር ነው፤ በጽሑፍ እንዳይጠቀሙበት እመክራለሁ። ከእኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው የአዲስ አበባ ሰው «ጠቅልላ ገባች» ወይም «ተጠቃለሉ» የሚለው ነው። ደስ የሚለኝ አነጋገር ነው፤ ሻንጣ፣ ፍራሽና ልብ ሁሉ አንድ ላይ ተጠቅልሎ እንደገባ ያሳያል፣ የሚመጣው ቀን ሠርግ ይሁን አይሁን ግን ሳይናገር ይተወዋል። «ኮሃቢት» ይህ ሙቀት የለውም፤ ነቀፋም ምስጋናም ሳይጨምር ሁኔታውን ብቻ ይመዘግባል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሕዝቦች በሰላም አብረው ይኖራሉ ለማለት ያገለግላል ወይ የሚል ነው። በዚህ ቦታ የሚገባው ቃል «ኮኤግዚስት»፣ ማለትም ጎን ለጎን መኖር፣ ነው። «በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሰላም አብረው ይኖራሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በ«ኮሃቢት» ቢተረጉሙት እንግሊዛዊው አንባቢ አሳቡን ይደርስበት ይሆናል፣ ነገር ግን መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ አንድ አውራጃ ሙሉ ሕዝብ ወደ አንድ ቤት ተጠቅልሎ የገባ ይመስለዋልና። ስለ እንስሳት ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይላላል። በሰሜን ተራሮች ጭላዳና ዋልያ በአንድ ገደል ይሰማራሉ ለማለት አንዳንድ ጸሐፊ «ኮሃቢት» ቢጽፍ ስሕተት አይባልበትም፣ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ግን እዚያም «ኮኤግዚስት»ን ያዘወትራሉ።

በፖለቲካ ውስጥ ያለው ፍቺ ከዚህ ይለያል፣ የመጣውም ከፈረንሳይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከአንዱ ወገን፣ የምክር ቤቱ አብላጫና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተቃራኒው ወገን ሲሆኑ ፈረንሳውያን ሁኔታውን «ኮአቢታስዮን» ይሉታል፤ የእንግሊዝኛ ጋዜጦችም ቃሉን በራሳቸው አጠራር ወሰዱት። ሶሻሊስቱ ፕሬዚዳንት ሚተራን ከወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺራክ ጋር ከ1986 እስከ 1988፣ ከባላዱር ጋር ደግሞ ከ1993 እስከ 1995 በዚህ ሁኔታ ሠርተዋል፤ ሺራክ በተራቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ከሶሻሊስቱ ዦስፓን ጋር ከ1997 እስከ 2002 አምስት ዓመት ከርመዋል። ቃሉ ለዚህ የተመረጠው ትንሽ ሽሙጥ ይዞ ነው፤ ሳይዋደዱና ቃል ኪዳን ሳይኖራቸው አንድ ቤት ለመጋራት የተገደዱ ሰዎች ናቸው ለማለት ነው። ስለዚህ በዜና ላይ «ኮሃቢቴሽን» የሚለውን ቃል ከፕሬዚዳንት ስም አጠገብ ሲያገኙት ስለ ግል ሕይወታቸው የተወራ አይምሰልዎ። በአማርኛ «የተቃራኒ ወገኖች የጋራ አስተዳደር» ቢባል ይበቃል።

ስለ ሰዋስው ጥቂት ልበል። ግሡ ተሳቢ አይወስድም፤ ቤትን «ኮሃቢት አደረግሁ» አይባልም፣ ሰውየውም «ዊዝ» በሚለው መስተዋድድ ይመጣል፣ ይህ ከእኛ «ከ… ጋር» ጋር ስለሚገጥም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ትርፉ ነው፤ ሰዎቻችን «ኮሃቢት ቱጌዘር» ሲሉ እሰማለሁ፣ ይህም «አብሮ አብሮ መኖር» እንደ ማለት ነው፣ አብሮነቱ «ኮ» በሚለው ውስጥ ተጨርሷልና። ሲነበብ ጎላ ብሎ የሚጠራው ሁለተኛው ክፍለ ቃል «ሃ» ነው፣ «ኮሃቢቴሽን» ሲሆን ግን ጉላቱ ወደ «ቴ» ይሻገራል። ሰውየውን ለመጥራት የእንግሊዝና የስኮትላንድ ሕጎች «ኮሃቢታንት» ይላሉ፤ «ኮሃቢቲ» የሚለው በጋዜጣና በንግግር የተለመደ ቢሆንም መጨረሻው ድርጊት የሚፈጸምበትን ሰው ስለሚያመለክት ጠንቃቃ ጸሐፊዎች አይወዱትም። ማን ነው ማንን «ኮሃቢት» ያደረገው? በዕለት ተዕለት ንግግር «ፓርትነር» ማለት ከሁለቱም ይሻላል።

ወደ አማርኛ ሲመልሱ በኦፊሴላዊ ወረቀት ላይ ከሕጉ ሐረግ የተሻለ አላገኘሁም፤ «ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ብለው ይጻፉ፣ አንዴ ከጻፉት በኋላ ባለው ክፍል «እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ብለው ሊያሳጥሩት ይችላሉ። «እንደ ባልና ሚስት» የሚለውን ካስቀሩት ግን ትርጉሙ አብሮ ይሄዳል። ሰውየው «አብሮ ነዋሪ» ሲባል አያለሁ፤ ይህ ደባልንም ስለሚጨምር አልወደውም፣ «የኑሮ አጋር» ማለት ይቀርበዋል። ከዓመታት በፊት ለእርማት በእጄ የገባ አንድ ትርጉም «ኮሃቢታንት»ን «ዕቁባት» ብሎት ነበር። ጉዳዩ ብዙ ዓመት አብረው ኖረው ልጆች ያፈሩ ሰዎች የንብረት ክርክር ነበርና ሴትዮዋ ወረቀቱን ብታነበው ምን ይሰማት እንደነበር መገመት አያዳግትም። «ዕቁባት» እና «ቅምጥ» ሚስት ባለው ወንድ በኩል የሚታዩ፣ ዝቅ የሚያደርጉ ስሞች ናቸው፤ «ውሽማ» ደግሞ አብሮ መኖርን ጭራሽ አይጠይቅም። የቀድሞው «የደሞዝ ጋብቻ» የሚቀርብ መስሎ ይታያል፣ ነገር ግን እርሱ ሴቲቱ ለምትቆይበት ጊዜ ክፍያ የሚቆረጥበት ውል ነበረ፤ ከ«ሰማንያ» እና ከ«ቁርባን» በታች ቢሆንም በስሙ ጋብቻ ነው። «ደባል» ግን ለእርስዎና ለአክስትዎ ልጅ ዓይነቱ ኑሮ ልክ ነው፣ በቀበሌ ቤት ታሪካችን ውስጥ የቆየ ቃል ነው፣ ለ«ፍላትሜት»ም ከዚህ የሚሻል የለንም።

ስለዚህ ቅጹን ሲሞሉ «ኮሃቢት» ለሚለው ጥያቄ «አይደለም» ብለው፣ ከጎኑ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ካለ ከአክስትዎ ልጅ ጋር ቤት እንደሚጋሩ፣ ኪራዩን እንደምትካፈሉና ወጪያችሁ ለየብቻ እንደሆነ በአንድ መስመር ይግለጹ። ይህን የምልዎ እንደ ቋንቋ ባለሙያ ነው፤ ቅጹ ድጎማን ወይም የመኖሪያ ፈቃድን የሚነካ ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት ነጻ የሕግ ምክር ለሚሰጥ ሰው ያሳዩት። በሌላ ገጽ ላይ በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ እንዲዘረዘሩ የሚጠይቅ ክፍል ካለም የአክስትዎን ልጅ ስም እዚያ ማስፈርዎን አይርሱ።